ሰም የያዙ ካፕሱሎች ውሃ ውስጥ ጨምሬ ለውጥ አጣሁ፤ የት ጋ ተሳሳትኩ?

ሄኖክ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። አንድ የሚሞቅ ዕቃ በሚዞር ውሃ አቀዘቅዛለሁ። ውሃው ብዙ ሙቀት እንዲሸከምልኝ ብዬ፣ በ28 ዲግሪ የሚቀልጥና ሲቀልጥ ሙቀት የሚውጥ ሰም (ኦክታዴኬን የተባለ ፓራፊን) የያዙ ደቃቅ ካፕሱሎች ጨመርኩበት። በክብደት 10 በመቶ ናቸው። ፈሳሹ በ25 ዲግሪ ገብቶ በ45 ይወጣል። መጀመሪያ ትንሽ ለውጥ ነበረው። በሁለት ሳምንቱ ግን ከተራ ውሃ አልተሻለም። ታንከሩ ላይ ነጭ ነገር ሰፍፏል፣ ማጣሪያውም ተደፍኗል። ፓምፑ የጊር ነው። ምን ላድርግ?

ማርታ፦
ፓምፑን ዛሬውኑ አቁመው! የጊር ጥርሶች ካፕሱሉን እንደ ወፍጮ ይፈጩታል። ከሰፈፈው ላይ በብርጭቆ ቅዳና 40 ዲግሪ አድርሰህ ሳትነካው አቀዝቅዘው። ላዩ ላይ የሻማ ልባስ የመሰለ ስስ ሽፋን ከረጋ ካፕሱሎቹ ፈንድተዋል። ስትነቀንቀው ተመልሶ ከተዋሃደ ግን ደህና ናቸው፤ ሰም ከውሃ ስለሚቀል ብቻ ነው የተንሳፈፉት።

ዳዊት፦
እኔን ያሳሰበኝ 20 ዲግሪው ነው። አንድ ኪሎ ውሃ በ20 ዲግሪ ልዩነት 84 ኪሎ ጁል ገደማ ይሸከማል። አንድ ኪሎ ካፕሱል ሰሙ ሲቀልጥ 180 ኪሎ ጁል ይውጣል እንበል፤ 10 በመቶው 18 ይጨምራል። ሰሙ ራሱ ከውሃ ያነሰ ሙቀት ስለሚይዝ ድምሩ 97 ቢሆን ነው። ልዩነቱን 5 ዲግሪ ብታደርገው ግን ውሃው 21፣ ቅልቅሉ 38 ገደማ ይሸከማል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ዕቃህ 45 ዲግሪ ከቻለ ግን በተራ ውሃ ቀጥል ወንድሜ፣ አትልፋ።

ቴዎድሮስ፦
ሲመለስ መርጋቱንስ አይተሃል? በደቃቅ ካፕሱል ውስጥ ያለ ሰም ከመቅለጫው በብዙ ዲግሪ ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ መርጋት የሚጀምርበት ፍሬ የለውማ። ሳይረጋ የተመለሰ ሰም ደግሞ ምን ይቀልጣል? 25 ላይበቃው ይችላል። ወይ የበለጠ አቀዝቅዘው፣ ወይ ማርጊያ የተጨመረበት ካፕሱል ፈልግ።

ሄኖክ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ብርጭቆው ላይ ጥፍር የሚያህል ሰም ረግቷል፤ ፈንድተዋል ማለት ነው። ዕቃዬ ከ33 በላይ ባይሞቅ ይሻለዋል፣ ስለዚህ ልዩነቱን አጠባለሁ። ማርጊያ ያለውን ካፕሱል አዝዤ፣ ቱቦውን ከውጭ እየጨመቀ በሚገፋ ፓምፕ እሞክራለሁ። መጠኑን 30 በመቶ ባደርገውስ?

ማርታ፦
ተው፣ እንዳታደርገው። እዚያ ሲደርስ በጣም ይወፍራል፤ ያተረፍከውን ፓምፑ ይበላዋል። በ10 ጀምርና ፍሰቱን እያየህ ቀስ እያልክ ጨምር።