በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያዝያን ሙቀት እንዴት እንቻለው?

ገላን ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ከቃሊቲ አልፎ ገላን አካባቢ የተከራየነው ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። 4 በ4 የሆነች አንዲት ክፍል ናት፣ መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ውስጧ አያስቀምጥም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናቴና የ8 ወር ልጄ ቀኑን የሚውሉት እዚያው ነው። አከራያችን ጣሪያው ላይ ብንሠራ አይከለክሉንም። በትንሽ ወጪ ከየት ልጀምር? ቀን ላይስ በርና መስኮት መክፈት ነው መዝጋት የሚሻለው?

ጣሪያ ሠራተኛ
እህቴ፣ ከጣሪያው ጀምሪ። የአዲስ አበባ ዙሪያ አየር በሚያዝያም ቢሆን ጥላ ሥር ሰው የሚያስጨንቅ አይደለም፤ የሚያቃጥላችሁ ቆርቆሮው ነው። በ8 ሰዓት ክፍሉ መሃል ቆመሽ መዳፍሽን ወደ ጣሪያው ዘርጊ፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ገልብጪው። ፊት ለፊት እሳት እንደመሞቅ ነው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማሻል።

ርካሹ መፍትሔ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። በደንብ ተወጥሮ ይመታ፣ ከቆርቆሮው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ መተንፈስ አለበት፦ በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ጫፍ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ወፍና አይጥ እንዳያስገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ኮርኒስ አሠርተው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ቀዳዳ ዘለውታል። ሙቅ አየሩ መውጫ ሲያጣ ኮርኒሱን ራሱን ያግለዋል። አምፖሉ ማዳበሪያውን እንዳይነካ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ማዳበሪያ ይቀልጣል፣ ይነዳልም።

ሁለተኛው ነጭ ቀለም ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሱ፣ ጣሪያውን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ለዚንክ ቆርቆሮ የሚሆን ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ከዚያ ነጭ የብረት ቀለም ሁለት ዙር። ለእናንተ ክፍል 4 ወይም 5 ሊትር ቀለም ይበቃል። ሥራው ማለዳ ይሁን፤ የጋለ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይዝ ይደርቅና በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የሚወጣው ሰው ሚስማሩ የተመታበትን መስመር ይርገጥ፣ ሥሩ ሞራሌ አለ። ኖራ ቀቡ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ዚንኩንም ይበላዋል።

መስኮቱን ቀን ዝጉት፣ ማታ ክፈቱት።

የቤት ነገር
ሁሉም ትክክል ነው፣ በመጨረሻው ግን አልስማማም። ቀን መዝጋት የሚሠራው ኮርኒስ ላለው ቤት ነው። ባዶ ቆርቆሮ ሥር ሁሉን ከዘጋችሁ ሙቀቱ ከላይ እየገባ መውጫ ያጣል፣ ቤቱ ምጣድ ይሆናል። ኮርኒሱ እስኪሠራ ድረስ በሩ ይከፈት፣ የምዕራቡ መስኮት ግን ከ7 ሰዓት ጀምሮ ከውጭ በኩል ይጋረድ። በጆንያም በሰሌንም ይሆናል፣ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ፀሐዩን የሚይዘው ከገባ በኋላ ስለሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አየሩ ደረቅ በሆነ ቀን እርጥብ ነጠላ ነፋስ በሚገባበት በኩል ስቀሉ፣ በትይዩ መውጫ ይኑር። ዝናብ ሊጥል አየሩ ሲከብድ ግን አይሠራም፤ እርጥበቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀርና ይብስባችኋል።

እንጀራ የምትጋግሩት እዚያው ክፍል ከሆነ ወደ ማለዳ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በቀትር ማሞቂያ ከማብራት አይተናነስም። ከሰል ደግሞ ሁልጊዜ ውጭ፣ በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን በጭሱ መርዝም ምክንያት።

ነርስ
ስለ እናትሽና ስለ ልጁ ልጨምር። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይቀንሳል፤ እናትሽ «አልጠማኝም» ቢሉም በየሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ውኃ አቅርቢላቸው፣ ሐኪም መጠጥ እንዲቀንሱ ካላዘዘ በስተቀር። ሽንታቸው ከጠቆረ ውኃው አንሷል ማለት ነው። ከግፊት ኪኒኖች መካከል ሽንት የሚያበዙ አሉ፤ በራሳችሁ አታቋርጡት፣ ሙቀቱ ሳይጠና ሐኪማቸውን ጠይቁ። ግፊት ስላለባቸው ውኃቸው ላይ ጨው አትጨምሩ።

ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ በመሃል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። ስድስት ወር ላልሞላው ግን ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አይሰጥም። በጋቢ አትጠቅልሉት፤ አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። ደረቱ ወይም ማጅራቱ በላብ ከራሰ በዝቶበታል።

እናትሽ ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ሰውነታቸው ግሎ ከደከሙ አትጠብቂ። ጥላ ውስጥ አስተኝተሽ ልብሳቸውን አላልተሽ ውኃ አፍስሺባቸው፣ አራግቢላቸው፤ በብብትና በአንገት እርጥብ ጨርቅ አድርጊ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሪ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም።

ገላን ነዋሪ
እግዜር ይስጥልኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ኮርኒሱን እናስመታለን። ማታ ከፍቶ ማደር ግን ሌባውስ?

የቤት ነገር
ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ማደር ግድ አይደለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ንቁ ሆናችሁ ሳለ፣ በርና መስኮቱን በትይዩ ክፈቱ፤ የብሎኬቱ ግለት የሚወጣው ያኔ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና ለአንድ ሰዓት። ማራገቢያ ካላችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ መስኮቱ ላይ አስቀምጡት፣ ሙቁን ገፍቶ በበሩ ቀዝቃዛውን ይስባል። ሌሊት የምትከፍቱት ትንሽ መስኮት ብረት ፍርግርግና የወባ ትንኝ ወንፊት ይኑረው፤ ወንፊቱ አቧራ ሲይዝ አየር ስለማያሳልፍ በሳምንት አንዴ ይጠረግ።