ካፋ የምትባለው የጄኖዋዎች ወደብ፦ ጥቁሩ ሞት እውነት በተወረወረ ሬሳ ነው የገባው?

የቱሉ ዲምቱው ትራንዚተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታሪክ የምታውቁ እርዱኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ቃሊቲ ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቅ ነው። ትናንት ማታ የዘጠነኛ ክፍል ልጄ እራት ላይ አንድ ነገር አነሳች። ካፋ በምትባል ወደብ ታታሮች በወረርሽኝ የሞተ ሰው ሬሳ በግንብ አሻግረው ወርውረዋል፣ ጥቁሩ ሞት የሚባለው ያ ወረርሽኝ ከዚያ ነው አውሮፓ የገባው ተብላ ተምራለች። እናቷ «ከፋ? የቡናው አገር?» አለች። እኔም ያንኑ ነበር ያሰብኩት። ልጅቷ «አባዬ፣ አንተ የወደብ ዕቃ አይደል የምታስለቅቀው፣ ንገረኝ እንጂ» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የሬሳው ነገር እውነት ነው? ጣሊያኖቹስ እዚያ ድረስ ምን ሊሠሩ ሄዱ?

የለገጣፎዋ መምህርት፦
ልጄ፣ ጥያቄህን ሳየው ደስ አለኝ። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይቺ ወደብ ግን ከልቤ አልወጣችም።

ካፋ ከኛው ከፋ ጋር አትገናኝም። ያለችው ክሪሚያ ላይ፣ ጥቁር ባሕር ዳር ነው። ዛሬ ፌዮዶሲያ ትባላለች፤ የጄኖዋዎቹ ግንብ ፍርስራሽ አሁንም አለ። የምጽፍልህ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጄኖዋ ያኔ ራሷን የቻለች የጣሊያን የነጋዴ ከተማ ነበረች። በ1261 ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ጋር ተዋዋለችና የጥቁር ባሕር በር ተከፈተላት። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎቿ አገሩን ከሚገዙት ታታሮች፣ ማለትም ከሞንጎሎቹ፣ ካፋ ላይ ቦታ አገኙ። መሬቱ የታታር፣ ገበያው የጄኖዋ ሆነ።

የሞሮኮው ሙስሊም ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1330ዎቹ አልፎባት ነበር። መስጊድ አርፎ ሳለ ከየአቅጣጫው የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅምና ደነገጠ። ጓደኞቹን ሚናሬው ላይ ወጥታችሁ ቁርኣን ቅሩ አላቸው። ወደቡ ላይ ወደ 200 መርከብ ቆሞ ማየቱንም ጽፏል።

ያንተ ሥራ ወረቀት ስለሆነ ይሄን ልንገርህ። ላምቤርቶ ዲ ሳምቡቼቶ የሚባል ኖታሪ (ውል ጸሐፊ) በ1289 እና በ1290 ካፋ ተቀምጦ ውል ይጽፍ ነበር። መዝገቡ እስከ ዛሬ አለ። ማን ለማን ምን ሸጠ፣ ማን ከማን ተበደረ፣ የመርከብ ድርሻ ለማን ተላለፈ፣ አንድ በአንድ ሰፍሯል። ከወደቡ እህል፣ ዓሣ፣ ቆዳና ሰም ይጫናል። ሰውም ይጫናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሬሳው ሲወራ የተሸጠው ሰው ይረሳል። ቂፕቻቅና ሰርካሲያን የሚባሉ የዚያ አካባቢ ሕዝቦች ልጆች በዚያ ወደብ አልፈው ግብፅ ይወርዳሉ፤ ወንዶቹ እዚያ የማምሉክ ወታደር ይሆናሉ። ማምሉክ ማለት ራሱ ባለቤት ያለው፣ የተገዛ ማለት ነው። አፄ ይኩኖ አምላክ ጳጳስ ይላክልኝ ብለው የጻፉለት የግብፁ ሱልጣን ቤይባርስ ከጥቁር ባሕር ሰሜን በልጅነቱ የተሸጠ ቂፕቻቅ ነበር። እሱ የተሸጠው ጄኖዋዎች ካፋ ከመግባታቸው በፊት ነው። በኋላ ግን ንግዱን በብዛት የያዙት እነሱ ሆኑ። በ1307 የታታሩ ካን (ንጉሥ) ቶክታ ጦር ያዘመተባቸውም ልጆቻችንን እየሰረቃችሁ ትሸጣላችሁ ብሎ ነው ይባላል። በ1308 ጄኖዋዎቹ ከተማዋን ራሳቸው አቃጥለው በመርከብ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው ሠሯት።

አሁን ወደ ሬሳው። በ1343 ታና በምትባል ሌላ ወደብ አንድ የቬኒስ ሰው አንድ ታታር ገደለ። ካን ጃኒቤግ ጣሊያኖቹን አባረረ፣ ሸሽተው ካፋ ገቡ፣ ተከትሎ ከበባቸው። በ1346 የከበበው ጦር ራሱ በወረርሽኝ ይረግፍ ጀመር። ሬሳ ተወረወረ ብሎ የጻፈው ገብርኤሌ ደ ሙሲ የፒያቼንዛ ኖታሪ ነው። በዓይኑ አላየም፤ ካፋ አልነበረም። ስለዚህ ልጅህ «ተብሎ ተጽፏል» ብላ ትጻፍ። ተወርውሮም ሊሆን ይችላል። ወረርሽኙ ግን ግንቡን ለመሻገር ሬሳ አያስፈልገውም ነበር።

የአቃቂው መጋዘን ሠራተኛ፦
መምህርት ባሉት ላይ ልጨምር። እኔ እህል መጋዘን ነው የምሠራው። የከረመ ስንዴ ከታች ስታነሳ መጀመሪያ የምታየው የተቦረቦረ የጆንያ ጥግ ነው። ከሥሩ ብናኝና የአይጥ ኩስ። አንድ ቀን ጆንያ ትከሻዬ ላይ ሳደርግ አይጧ በጀርባዬ ወርዳ አመለጠች። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ወገቤ ዙሪያውን በቁንጫ ተበልቷል። አይጥ ያለበት እህል ሲጫን ቁንጫውም አብሮ ይጫናል። የካፋን ወሬ በሰማሁ ቁጥር «እህሉስ?» እላለሁ።

የለገጣፎዋ መምህርት፦
ተባረክ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው፤ በሽታውን የሚያዛምተው የአይጥ ቁንጫ ነውና። ጠቡ እያለ ከዚያ የሚጫነው እህል ተቋርጦ ነበር። ጣሊያን ደግሞ ያኔ ተርቧል። በ1347 እርቅ ሲወርድ መርከቦቹ እህል መጫን ጀመሩ። በዚያው ዓመት ወረርሽኙ ቁስጥንጥንያ ገባ፣ በኦክቶበር ሲሲሊ ውስጥ መሲና ደረሰ። የተጓዘው ከእህሉ ጋር ነው የሚሉ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም በእነሱ አምናለሁ።

ካፋ በወረርሽኙ አልጠፋችም። ቁስጥንጥንያ በ1453 ስትወድቅ ጄኖዋ ከተማዋን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ባንክ አስረከበች። ባንክ ከተማ ያስተዳድር ነበር ማለት ነው። በ1475 ኦቶማኖች ያዟት።

የቱሉ ዲምቱው ትራንዚተር፦
መምህርዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ወንድሜ የአቃቂው፣ አንተም። ሁሉንም ለልጄ አነበብኩላት። ደብተሯ ላይ «ተብሎ ተጽፏል» የሚለውን ጨምራለች። አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች፦ የተሸጡት ልጆች ስማቸው ተጽፏል ወይ?

የለገጣፎዋ መምህርት፦
አዎ፣ ንገራት። ኖታሪው ሰው ሲሸጥ ስሙን፣ ዕድሜውንና የመጣበትን ወገን ይጽፍ ነበር። ብዙዎቹ የእሷ እኩያ ናቸው።