የባርዶ ፎቶ ከግድግዳዬ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ባለፀጉር ቤቷ (ፒያሳ)፦ ጎንደሬዎች፣ አንድ ነገር አማክሩኝ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ የብሪጂት ባርዶ ፎቶ ተሰቅሏል። ፈረንሳዊቷ የፊልም ተዋናይ ነበረች። ሰው ሁሉ ለፀጉሯ ብዬ የሰቀልኩት ይመስለዋል። እኔ ግን የወደድኳት በፈረንጆቹ 1973 አርባ ሳይሞላት ፊልሙን እርግፍ አድርጋ ትታ ለእንስሳት ስለቆመች ነው። በ1977 የአቆስጣ ግልገሎች ለቆዳቸው ሲገደሉ ካናዳ ድረስ ሄዳ በረዶ ላይ ቆማ ተቃወመች። (አቆስጣ በባሕርና በበረዶ ላይ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ኦሪት ዘጸአት ላይ ቁርበቱ የተጠቀሰው።) በ1986 ለእንስሳት የሚቆም ድርጅት አቋቋመች፤ ለሱም ጌጣጌጧን ሳይቀር በጨረታ ሸጠች። ይሄን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ባለፈው ሳምንት የቆየች ደንበኛዬ፣ ሙስሊም ናት፣ ፎቶውን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «እህቴ፣ ይቺ ሴትዮ ስለ እኛ የጻፈችውን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ማታ አነበብኩ። ለዒድ አል አድሐ ስለሚታረደው በግ ስትጽፍ ሙስሊሞች አገሯን እያጠፉ ነው ብላለች። በ2008 በዚሁ ምክንያት ፍርድ ቤት 15 ሺህ ዩሮ ቀጣት። የመጀመሪያዋም አልነበረም። ምን ላድርግ?

የማራኪ ልጅ፦ አታውርጂው። በ1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የአቆስጣ ግልገል ቆዳ እንዳይገባ ከለከለ። የሷና የመሰሎቿ ጩኸት ባይኖር ይሄ ይሆን ነበር? እንከን የሌለበት ሰው ፈልገን ማንን እናደንቃለን? ደግሞ ዋናው ጥያቄዋ በጉ ሳይደነዝዝ፣ ማለትም ራሱን ሳይስት፣ አይታረድ የሚል ነበር።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦ ወንድሜ፣ በጉ ይደንዝዝ ብትል ኖሮ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። እሷ ግን ከአስተራረዱ አልፋ ሰዉን ሰደበች። እኛ ርኅራኄን ከፈረንሳይ አልተማርንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስታርዱ ቢላውን ሳሉ፣ እንስሳውን አታሠቃዩ ብለዋል። የተጠማ ውሻ አይታ በጫማዋ ውሃ ቀድታ ያጠጣች ሴተኛ አዳሪ በዚያ ብቻ ምሕረት እንዳገኘች ከልጅነታችን ሰምተናል። እናንተስ ለፋሲካ በግ አታርዱም? ደንበኛሽ ፀጉሯን ስትሠራ የሰደበቻትን ሴት ፊት እያየች መቀመጥ አለባት?

የማራኪ ልጅ፦ ስድቡን አልደግፍም። መቼም አልደግፍም። የማደንቀው ሥራዋን ነው።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦ ግድግዳ ላይ ያለው ግን ፊቷ ነው።

ባለጋሪ (አዘዞ)፦ ይቅርታ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም። ስለ አቆስጣ ታወራላችሁ። ቅዳሜ ገበያ እህል ተሸክማ የምትወጣውን አህያ ገጣባ ማን አየላት? ጀርባዋ ተልጦ፣ ዝንብ ወሮት። በእኛም የሚፈርድ ብዙ ነው። «ጨካኝ» ይሉናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጭነቱን የሚያበዛው ነጋዴው፣ ዋጋውን የሚቀንሰውም እሱ፤ አለንጋውን የያዝኩት ግን እኔ ስለሆንኩ የምሰደበው እኔ ነኝ። ፈረሴን እወደዋለሁ። እሱ ከታመመ ልጆቼም አይበሉም።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 2017 ቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ማን አስቆመው? ሕዝቡ አይሆንም ብሎ ጮኸና ተዘጋ። በ2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የአህያ ቆዳ ንግድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰነ። ስለዚህ ዝነኛ ሰው የግድ ነው የሚለውን አልቀበልም። ዝነኛ ካሜራ ይዞ ይመጣል፤ ያ ይጠቅማል። ካሜራው ሲሄድ ገጣባውን የሚያጥብ ሰው ነው የሚያስፈልገን። ከተማችን ውስጥ ውሻ በመርዝ ሲገደል አይቼ አልቅሻለሁ። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ቢከተብ በሽታው ይቆማል። ይሄን ለማወቅ ባርዶ አያስፈልገንም።

የማራኪ ልጅ፦ አንተ ሐኪም ልትሆን ነው፤ አታስፈልግህም። እኔ ግን የሰፈር ውሻ በድንጋይ ስወግር ያደግኩ ልጅ ነኝ። ያስቆመኝ ባርዶ በረዶ ላይ የተነሳችው ፎቶ ነው። የአቆስጣ ግልገል አቅፋ ሳያት አፈርኩ። ይሄን ከውስጤ ማውጣት አልችልም።

ባለፀጉር ቤቷ፦ የማራኪው ልጅ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ለዚህ ነው የከበደኝ። ግን ዛሬ ጠዋት አወረድኩት። ፎቶውን ቤቴ ወስጄዋለሁ፤ አልቀደድኩትም። ደንበኛዬ አሥር ዓመት ሙሉ እኔ ጋ መጥታለች። ስታገባ የሠራኋት እኔ ነኝ። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ የማትቀመጥበት ቤት እንዲኖረኝ አልፈልግም። ደውዬ ነገርኳት።

የማራኪ ልጅ፦ አልስማማም። ግን ቤትሽ ነው፤ ገባኝ።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦ አላህ ይስጥሽ እህቴ።

ባለጋሪ (አዘዞ)፦ ተማሪው፣ የፈረሴ ትከሻ ጋሪው በሚታሰርበት በኩል አብጧል። በጨው ውሃ እያጠብኩት ነው። ቅዳሜ የት ላግኝህ?

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦ እስከዚያ ጋሪ አያስጎትቱት ጋሼ። ቅዳሜ ድረስም አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋት አዘዞ እመጣለሁ።