ለሰፈር ምክር ቤት ያቀረብነው የድጎማ ጥያቄ ለምን መልስ አጣ?

ጥያቄ፦ የቅዳሜ ትምህርት አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከሊትል ኢትዮጵያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። እዚህ ለተወለዱ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እናስተምራለን። አስተማሪዎቹ በነጻ የሚያገለግሉ ወላጆች ስለሆኑ የጎደለን ለክፍል ኪራይና ለመጻሕፍት የሚሆን 3,000 ዶላር ብቻ ነው። የሰፈሩ ምክር ቤት (የአካባቢው ሰዎች የሚመርጡት ቦርድ) ለማኅበረሰብ ሥራ ድጎማ እንደሚሰጥ ሰምተን በወርኃዊ ስብሰባው ላይ ተገኘን። ስድስት እናቶችና አባቶች ተራ በተራ ተነሥተው ችግራችንን አስረዱ። ሰብሳቢዋ እያንዳንዱን አመስግነው ካስቀመጡ በኋላ፣ ከቦርዱ አባላት አንድም ሰው ጥያቄ ሳያነሣ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ታለፈ። አንድ አባታችን «ከግድግዳ ጋር ስናወራ አመሸን» እያሉ ወጡ። ይህ ንቀት ነው ወይስ እኛ አሠራሩን አላወቅንም? ለከተማው ምክር ቤት አቤት ብንልስ?

መልስ፦ የቀድሞ የቦርድ አባል

ንቀት አይመስለኝም። በካሊፎርኒያ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የብራውን ሕግ የሚባል ድንጋጌ አለ፤ የሰፈር ምክር ቤቶችም በዚሁ ይገዛሉ። በሕጉ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ መለጠፍ አለበት፤ ቦርዱም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በአጀንዳው ላይ ባልሰፈረ ጉዳይ ሊወያይም ሆነ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ነዋሪው ግን ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ ጉዳይም የመናገር መብት አለው። እናንተ የተናገራችሁት ለዚህ በተመደበው የሕዝብ አስተያየት ክፍለ ጊዜ ስለነበር፣ አባላቱ ቢፈልጉ እንኳ በዚያ ምሽት ገንዘቡን ሊፈቅዱላችሁ አይችሉም ነበር።

ድጎማው የሚጀምረው ከማመልከቻ ቅጹ ነው። ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል በዝርዝር ተሞልቶ ይቀርባል፣ ራሱን የቻለ የአጀንዳ ነጥብ ሆኖ ይያዛል፣ ከዚያ ቦርዱ በአደባባይ ድምፅ ይሰጥበታል። የሕዝብ አስተያየት ጉልበት የሚኖረውም ያ ነጥብ ሲነሣ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው። የበጀት ዓመቱ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ስለሆነ እስከ ማብቂያው አትጠብቁ። የከተማው ምክር ቤት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ይሰበሰባል፤ ነገር ግን ይህን ድጎማ አስቀድሞ መርምሮ ድምፅ የሚሰጥበት የሰፈሩ ቦርድ ስለሆነ፣ 15ቱ የከተማ ተመራጮች ፊት ብትቆሙ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ይሆናል።

መልስ፦ የፌርፋክስ ነዋሪ

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም ቦርዱን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣውም። ያው ሕግ ለተናጋሪ አጭር መልስ መስጠትን ወይም ጉዳዩ በሚቀጥለው አጀንዳ እንዲያዝ መጠየቅን አይከለክልም። «ቅጹን ሞልታችሁ አምጡ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

በበኩላችሁ ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ንግግር ከሚያደርግ ሥራ ብትከፋፈሉ ይሻላል። አንዷ የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ ትናገር፣ ሌላው የኪራዩን ደረሰኝ ይዞ ይቅረብ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ከመማሪያው ሁለት መስመር አንብቦ በእንግሊዝኛ ይተርጉም። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆች ሌላም መብት አለ። የመናገሪያ ሰዓት በተገደበበት ስብሰባ፣ ንግግሩ በጆሮ ማዳመጫ አብሮ በአንድ ጊዜ የሚተረጎም ካልሆነ በስተቀር፣ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ለሌላው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ለእናንተ አራት ነው ማለት ነው። ይህን ለጸሐፊው ቀደም ብላችሁ አስታውቁ።

ጥያቄ፦ የቅዳሜ ትምህርት አስተባባሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። ማኅበራችን ገና በሕግ አልተመዘገበም። ከወላጆቻችን አንዱ ደግሞ የዚሁ ቦርድ አባል ነው፤ እርሱ ቢከራከርልን አይጠቅምም?

መልስ፦ የቀድሞ የቦርድ አባል

ወንድማችን ዝም ማለት አለበት። ድጎማ ከሚጠይቀው ማኅበር ጋር ግንኙነት ያለው የቦርድ አባል ግንኙነቱን አሳውቆ ከውይይቱም ከድምፁም ራሱን ያገላል፤ ነጥቡ ሲነሣም ከክፍሉ ቢወጣ ለእናንተም ለእርሱም ይበጃል። በቅን ልብ የተደረገ ንግግር የጸደቀን ድጎማ መልሶ ሊያሰርዝ ይችላል።

ምዝገባው ግን ዋናው እንቅፋት ነው። ይህ ድጎማ የሚሰጠው በተለምዶ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ ለምንለው፣ ከፌዴራል ግብር ነጻ ለተባለ ድርጅት ወይም ለመንግሥት ትምህርት ቤት ነው እንጂ ለግለሰብ ወይም ላልተመዘገበ ስብስብ አይደለም። ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ ልጆቻችሁ የሚማሩበትን የመንግሥት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አነጋግሩ። ትምህርቱ በግቢው ውስጥ ቢሰጥና አመልካቹ ትምህርት ቤቱ ራሱ ቢሆን፣ የክፍል ኪራይ ጭንቀታችሁም ሊቃለል ይችላል። ትምህርቱ ለማንኛውም የሰፈሩ ልጅ ክፍት መሆኑን በቅጹ ላይ በግልጽ ጻፉ። ከሚገዙት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የጸሎት መጽሐፍ ካለ ደግሞ እርሱን በራሳችሁ መዋጮ ግዙት፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለሃይማኖት ትምህርት አይውልም።

መልስ፦ የፌርፋክስ ነዋሪ

አንድ ነገር ልጨምር። በሰፈር ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም፤ በአካባቢው መኖር ወይም መሥራት ይበቃል። ወረቀታቸው ያላለቀላቸው ወላጆች ይህን ባለማወቅ በየምርጫው ቤታቸው ይቀመጣሉ።