ውሃ በፈረቃ፣ ልብስ በክምር፦ ለማሽን እንዴት ነው የምትለዩት?

የልደታዋ፦
ሰላም ናችሁ? ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሌሊት። ማሽናችን በአንድ በኩል ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል። ነጭ ለብቻ፣ ጥቁር ለብቻ፣ ፎጣ ለብቻ እያልኩ ስከፋፍል ዙሩ በዛ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይምጣ? ባለቤቴ «ሁሉንም አንድ ላይ ክተቺው» ይላል፤ እሱ ምን አለበት፣ ነጭ አይለብስ። ደግሞ ቀይ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላ አለኝ፣ ማሽን ይችለዋል?

ሚጡ፦
ውሃው እስኪመጣ ምን አስጠበቀሽ? ሦስት ማዳበሪያ ጥግ ላይ አስቀምጪና ልብስ ሲወልቅ በቀጥታ ወደየቦታው ይግባ። ኪስም ያኔውኑ ይፈተሽ፣ አንዲት ሶፍት ካመለጠችሽ ጥቁር ሱሪ ላይ ተበጣጥሳ ስትለቅሚ ነው የምትውዪው። ዚፕ ዝጊ፣ ጂንስ ገልብጪ። ማሽንሽ እንደዚያ ዓይነት መሆኑ ደግሞ በጀሽ፦ በአንዱ የሳሙና ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀለም ያለውን፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩንና ጂንሱን እጠቢ። በየመሃሉ ትንሽ ላርጎ ጨምሪ። አዲስ ውሃ የሚያስፈልግሽ ለማለቅለቂያ ነው፣ እሱንም ለሽንት ቤት አጠራቅሚው።

አቤል ነኝ፦
በሚጡ እስማማለሁ፣ ግን ቀለም ብቻ አይታይም። ፎጣ ብናኝ ይለቃል፣ ከጥቁር ቲሸርት ጋር ከገባ ጉድ ነው። ጂንስና ስስ ሸሚዝም አብረው አይሁኑ፣ ዚፑ ይቧጭረዋል። አዲስ ልብስ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ እሺው፣ ቀለም ከያዘ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ደም የነካውን ደግሞ አስቀድመሽ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቂው፣ ሙቅ ውሃ ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል።

እትዬ፦
የኔ እህት፣ ነጠላውን ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው። ጫፉ ላይ የተቋጨው ክር ይተበተባል፣ ሸማውም ስስ ነው፣ ይሳባል። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅሽ ቶሎ ቶሎ አድርገሽ አውጪው፤ ከዘፈዘፍሽው ቀዩ ወደ ነጩ ይሄዳል። በረኪና ጥለቱን ስለሚያጠፋው አታስጠጊው። ሳትጠመዝዢ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ጥላ ላይ አስጪው።

የልደታዋ፦
እናመሰግናለን፣ ማዳበሪያውን ነገ አመጣለሁ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋስ?

ሚጡ፦
ጠብቂ ብለሽ እንዳትተኚ! ቀለም ያለውን አውጥተሽ በእጅ ጭመቂና ነጣጥለሽ አስጪው። እርጥብ ልብስ ተደራርቦ ካደረ አንዱ የሌላውን ቀለም ይወስዳል፣ ይሸታልም። ነጩ ግን ለብቻው በሳሙናው ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ቢያድር ምንም አይሆንም።