ለእናቴ ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ቤት ልሠራ ነው፤ ፈቃድ የግድ ነው?

የደሴው ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራ ቤት ገዝተን ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። ቤዝመንቱ ባዶ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ገና ያልተሸፈነ እንጨት፣ ጥጉ ላይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ። እናቴ ለገና ከደሴ ልትመጣ ስለሆነ አንድ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና ቡናዋን የምታፈላበት ትንሽ ማብሰያ ልሠራላት አስቤአለሁ። እሷ ስትመለስ ምናልባት አከራየው ይሆናል።

ያነጋገርኩት ሠራተኛ የአገራችን ሰው ነው፤ እጁ ጥሩ ነው ይባላል። «ከውጭ የሚታይ ነገር ስለሌለ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፈቃድ ካልክ ግን አራት ሺህ ዶላር ጨምር» አለኝ። ከጠቅላላው ዋጋ ግማሹንም አስቀድሜ እንድከፍለው ይፈልጋል። ባለቤቴ ደግሞ ያለ ፈቃድ አንዲት ሚስማር አትመታም ብላለች። ማንን ልስማ? ፈቃዱስ ከየት ነው የሚወጣው?

አናጢው

ባለቤትህን ስማ። ቀለም መቀባት፣ ምንጣፍ ወይም የወለል ንጣፍ መቀየር፣ የኩሽና ቁም ሣጥን መለወጥ ፈቃድ አይጠይቅም። አዲስ ግድግዳ ስታቆም፣ የኤሌክትሪክ መስመር ስትዘረጋ፣ ቧንቧ ስትቀጥል ግን ይጠይቃል። ከውጭ ታየ አልታየ ለሕጉ ምኑም አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ስለሌላት የሚመለከትህ የሞንትጎመሪ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) የፈቃድ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ሮክቪል ወይም ጌዘርስበርግ ከተማ ወሰን ውስጥ ብትሆን ኖሮ ፈቃዱን የሚሰጡህ ከተሞቹ ራሳቸው ነበሩ። የፖስታ አድራሻው ሮክቪል ይላል ብለው ሄደው፣ ቤታቸው ከከተማው ወሰን ውጭ ሆኖ ወደ ካውንቲው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ከካውንቲው የግንባታና የኤሌክትሪክ ፈቃድ ታወጣለህ። የቧንቧው ግን ከዚያ አይገኝም፤ እሱን የሚሰጠው የውሃና የፍሳሽ ድርጅቱ፣ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ነው። መታጠቢያ ቤት ስለምትጨምር ይህኛው አይቀርልህም። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይገባል። ንድፉን ራስህ በመለኪያ ልትስለው ትችላለህ፤ አሁን ያለውንና የሚሠራውን ለየብቻ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ልክና አገልግሎት፣ የመስኮቱን መጠን፣ የጭስ ማንቂያውን ቦታ አሳይ።

ትልቁ ነገር መስኮቱ ነው። መኝታ ቤት ተብሎ የተጻፈ ክፍል ሁሉ እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም የሚገባበት መስኮት ወይም በር ሊኖረው ይገባል። ሲከፈት ነፃ የሚሆነው ቦታ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ወርዱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ደፉ ከወለል ከ44 ኢንች ያልበለጠ ይሁን። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 20 በ24 የሆነ መስኮት አያልፍም፤ ምክንያቱም ስፋቱ 3.3 ካሬ ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ከመሬት በታች ላለ መስኮት ቢያንስ 5 ካሬ ጫማ፣ ለላይኛው ፎቅ 5.7 ያስፈልጋል። እኔ ደንበኞቼን ለቤዝመንቱም 5.7 አድርጉ እላቸዋለሁ፤ በኋላ የሚከራከር አይኖርም።

የጣሪያው ከፍታ ቢያንስ 7 ጫማ መሆን አለበት። የአየር ቱቦና ተሸካሚ እንጨት ወርዶ እስከ 6 ጫማ ከ4 ኢንች ቢደርስ ይታለፋል። ለክተህ ንገረን።

የቀበናዋ

የእኔን ስማ ወንድሜ። ስንገዛው ቤዝመንቱ አልቆ፣ አምሮ ነበር፤ ሁለት መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት። ከስድስት ዓመት በኋላ ልንሸጥ ስናወጣው የገዢው ደላላ የካውንቲውን መዝገብ ከፍቶ በአድራሻችን ምንም ፈቃድ እንዳልወጣ አየ። አምስት መኝታ ቤት ብለን ያቀረብነው ቤት በአንድ ጀምበር ሦስት ሆነ። ያኛው ገዢ ሄደ። እኛም ፈቃድ ልናወጣ ገባን፤ ተቆጣጣሪው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ካላየሁ አልፈርምም ስላለ፣ የቀባነውን ግድግዳ በእጃችን ቀደድነው። ውስጡን ስናይ ደግሞ ተቆጣጣሪው እውነቱን ነበር፤ ሽቦዎቹ ያለ ሣጥን በፕላስተር ተጠቅልለው ነበር የተቀጠሉት። ልጆቼ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር ስድስት ዓመት የተኙት።

ነገር አታብዛ

እኔ ያለ ፈቃድ ከሠራሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ይህ ሁሉ ካውንቲው ገንዘብ የሚሰበስብበት ዘዴ ነው። የቤት ግብሩም ይጨምርብሃል። ሰው በገዛ ቤቱ!

የቀበናዋ

እኛንም ስድስት ዓመት ማንም አልጠየቀንም ነበር። ግብሩ መጨመሩ አይካድም፣ እሱን አልከራከርህም። ግን ልትሸጥ ስታስብ ወይም ኢንሹራንስ የሚያስጠይቅ ነገር ሲደርስብህ የሚመጣውን ጥያቄም አብረህ ቁጠረው።

ባለ ደረሰኝ

ስለ ፈቃዱ በቂ ተብሏል። እኔን ያስደነገጠኝ «ግማሹን አስቀድመህ ክፈል» የሚለው ነው። በሜሪላንድ ሕግ የቤት ማሻሻያ ተቋራጭ ከውሉ ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል አይችልም። ሰውየው ይህን ካላወቀ የስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን የሥራ ፈቃድ እንዳለው እጠራጠራለሁ። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቀው፤ ቁጥሩ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት፣ አንተም በስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ታረጋግጣለህ። ተቋራጭ ሥራህን ቢያበላሽ ወይም ጥሎህ ቢጠፋ የሚክስ የዋስትና ፈንድ አለ፤ የሚሠራው ግን ፈቃድ ያለው ሰው ከሆነ ብቻ ነው።

ይህን የምልህ ከራሴ ነው። እኔም «ያገሬ ልጅ» ብዬ፣ ለቅሶ ቤት የተዋወቅሁት ሰው ስለሆነ ውል መጻፍ አፍሬ ቀብድ ሰጠሁ። ግድግዳውን አቁሞ ጠፋ። ፈቃድ ስላልነበረው ከፈንዱ አንድ ሳንቲም አላገኘሁም፤ በለቅሶ ቤት ስንገናኝ አሁንም ሰላም ይለኛል።

ሌላም ነገር፦ «የግንባታ ፈቃዱን በራስህ ስም አውጣው፣ እኔ እሠራለሁ» ካለህ ተጠንቀቅ። ፈቃዱ በስምህ ከወጣ ተቆጣጣሪው ለሚያገኘው ጥፋት የምትጠየቀው አንተ ነህ።

አከራይ ነኝ

ስለ ማብሰያው ልጨምር። የእቃ ማጠቢያና ትንሽ ማቀዝቀዣ ቀላል ናቸው። ምድጃ ስትጨምር ግን ክፍሉ ራሱን የቻለ ሁለተኛ መኖሪያ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለማከራየት ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ከካውንቲው የቤቶች መሥሪያ ቤት የሦስተኛ ደረጃ የኪራይ ፈቃድ ታወጣለህ፤ ባለቤቱም እዚያው ግቢ የሚኖር መሆን አለበት። ወደፊት የምታከራየው ከሆነ ንድፉን ከመሳልህ በፊት ይህን ጠይቅ። እኔ መጀመሪያ ለቤተሰብ ብዬ ሠርቼ፣ በኋላ ለኪራይ ስቀይረው ብዙውን ነገር ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

የደሴው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ። ከሲሚንቶው እስከ እንጨቱ 7 ጫማ ከ3 ኢንች፤ መስኮቱ 32 በ14 ኢንች። የሲሚንቶው ግማሽ በአሮጌ አራት ማዕዘን ንጣፍ ተሸፍኗል፤ እሱን ነቅዬ ልጀምር?

አናጢው

አትንካው! ልኩ 9 በ9 ኢንች ነው? የዚያን ዘመን ንጣፍ ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) አለበት። ሳይሰበር ከተቀመጠ አይጎዳህም፤ ስትነቅለው ነው ብናኙ የሚነሣው። ናሙናውን አስመርምር፣ ካለበትም ላዩ ላይ ሌላ ንጣፍ አንጥፍበት። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ አሮጌው ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ከፍታው ይበቃሃል፤ የጣሪያው ጂፕሰም ግማሽ ኢንች ይወስዳል፣ ወለሉን ቀጭን አድርገው። መስኮቱ ግን በቁመት አላለፈም፤ የመሠረቱ ግድግዳ ተቆርጦ መስፋት አለበት። ይህን ለጀማሪ አትስጥ። ከውጭ የሚቆፈረው ጉድጓድ ቢያንስ 9 ካሬ ጫማ ሆኖ ከግድግዳው ወደ ውጭ ቢያንስ 36 ኢንች ይዝለቅ፤ ጥልቀቱ ከ44 ኢንች ካለፈ መሰላል ይገጠምለታል። ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉልሃል።

ግድግዳ ሳታቆም ራዶን አስለካ። ከአፈር የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ነው፤ ሳንባ ካንሰር ያመጣል። ውጤቱ 4 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ) በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወጫ ቱቦ ይገጠማል፤ ወለሉ ባዶ ሳለ ቱቦውን መግጠም ቀላል ነው።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ የግድግዳው እንጨት፣ ሽቦውና ቧንቧው ተዘርግተው ሳይሸፈኑ ይታያሉ፤ ቀጥሎ የሙቀት መከላከያው፤ እሱ ሲያልፍ ጂፕሰሙ ይገጠማል፤ መጨረሻ ላይ የማጠቃለያ ፍተሻ። ተቆጣጣሪው ሳያይ የተሸፈነ ግድግዳ የቀበናዋ እህታችን እንዳለችው ይቀደዳል። የጋዝ ማሞቂያ ስላለህ ከጭስ ማንቂያው ሌላ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም አድርግ።

የደሴው ልጅ

ሰውየውን የፈቃድ ቁጥሩን ጠየቅሁት፤ «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ተቀየመ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ሌሎች ሁለት ተቋራጮች በዚህ ሳምንት መጥተው ሊያዩት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ ጋሼ፤ ለገና ካላለቀ እናቴ ግማሹ በተሠራው ክፍል ብትተኛስ?

አናጢው

የማጠቃለያ ፍተሻውን ሳያልፍ? የራስህን መኝታ ቤት ስጣትና አንተ ሳሎን ተኛ።