የቦይለር ውሃችን ሻይ መስሏል፣ የስኳር መመርመሪያው አልፋ ናፍቶል አንዴ አለ አንዴ የለም ይላል፣ የምታውቁ እርዱኝ

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም። በርበሬ ወንዝ ሰፈር ያደግኩ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ እዚሁ ኪዮት (ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ነው የጨረስኩት፣ ስራ ፈልጌ ፈልጌ ዘንድሮ ቆላ ወርጄ አንድ ስኳር ፋብሪካ የውሃ ላብ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አሁን ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ወጥቼ ቤት ነኝ ግን ልቤ እዛው ነው ያለው፣ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልንገራችሁና ምከሩኝ።

ቦይለራችን የሚመገበው አብዛኛው ውሃ ከኢቫፖሬተር (የሸንኮራውን ጁስ ከሚያተንነው) የሚመለስ ኮንደንሴት፣ ማለትም ቀዝቅዞ ውሃ የሆነ እንፋሎት ነው፣ የወንዙ ውሃ ተጣርቶ በሶፍትነር (ውሃ ማለስለሻ) አልፎ የሚገባው ለማሟያ ብቻ ነው። ከሶስት ሳምንት በፊት የማታ ሺፍት ላይ ሆኜ የቦይለሩን ሳምፕል ስቀዳ ቀጠን ያለ ሻይ መስሎ ወጣ። ፒኤቹ ሺፍቱን ስረከብ 11 የነበረው ሊነጋ ሲል 9.4 ደረሰ። ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ ተመለሰ፣ በሁለተኛው ቀን እንደገና ወረደ። ኮንደንሴቱ ውስጥ ስኳር እንዳለ ለማየት በአልፋ ናፍቶል ስሞክረው አንዴ ወይን ጠጅ ቀለበት ይሰራል (ስኳር አለ ማለት ነው)፣ አንዴ ምንም የለም፣ ግራ ቢገባኝ አንድ ቀን በዲስትልድ ውሃ ሞከርኩት እሱም ቀለበት ሰራ!! ከዛ ወዲህ የራሴን ውጤት ማመን አቃተኝ።

የሺፍት ኃላፊው ኮንዳክቲቪቲ ሜትሩ ደህና እያነበበ ስለሆነ ኮንደንሴቱ ንጹህ ነው፣ ችግሩ የኬሚካል ዶዝ ነው ይላል። መዝገቡ ላይ ፖዘቲቭ ብዬ የጻፍኩት ሁለት ቦታ ተሰርዞ አገኘሁት። አዲስ ስለሆንኩ ተከራክሬ አላሸንፍም፣ ግን ቦይለሩ ፊት የሚቆሙት ልጆች እኩዮቼ ናቸው፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው፣ አንድ ነገር ቢደርስባቸው ዝም ያልኩት ነገር እድሜ ልኬን አይለቀኝም። ስኳር መግባቱን ወይ አለመግባቱን ማንም ሊሰርዘው በማይችል መንገድ እንዴት ልለካ? ከገባስ ከየት እንደገባ ላብ ውስጥ ሆኖ ማወቅ ይቻላል ወይ?


ጦሳ ስር (ደሴ)

ልጄ አብሽር። እኔ ስኳር ፋብሪካ ላብ ውስጥ ብዙ የምርት ዘመን ሰርቼ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ነኝ። የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ሻይ የመሰለ ቀለምና የሚወርድ ፒኤች አንድ ላይ ከመጡ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስኳር ነው። ስኳር ቦይለር ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ይፈርስና አሲድ ይሆናል፣ ኮስቲክህን የሚበላብህ እሱ ነው፣ የቀረው ከስሎ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፣ ውሃውም አረፋ ያወጣል። የቦይለሩን ሳምፕል አቀዝቅዘህ አሽትተው፣ ያረረ ስኳር ከሸተተህ ብዙም ጥርጥር የለውም።

ዲስትልድ ውሃው ቀለበት የሰራበትን ነገር ግን ዝም ብለህ አትለፈው። አልፋ ናፍቶል የሚይዘው የሸንኮራን ስኳር ብቻ አይደለም፣ የካርቦሃይድሬት ዘር የሆነ ሁሉ ቀለበት ያሰራዋል፣ የባጋስ (የተጨመቀ ሸንኮራ ገለባ) ብናኝ፣ የማጣሪያ ወረቀት ጭረት፣ የጥጥ ክር። አንድ ሰሞን እኛ ላብ የገባው ሳምፕል በሙሉ ፖዘቲቭ ሆኖብን ተጨንቀን ተጨንቀን በኋላ ሲታይ ቴስት ቱቦቹ በጨርቅ እየተወለወሉ ነበር፣ ጨርቁን ስናስቀር ጠፋ። ስኳር ፋብሪካ ውስጥ አየሩ ራሱ ባጋስ ነው፣ መስኮት ተከፍቶ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ያደረ ቱቦ ንጹህ ነው ብለህ እንዳታምነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነበር። ቱቦውን አጥቤ በዲስትልድ ውሃ አለቅልቄ ደፍቼ አደርቀዋለሁ። የሳምፕል ቧንቧውን ከፍቼ ጥቂት ደቂቃ አፈሰዋለሁ፣ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ የአሁኑን አይነግርህማ፣ ከዛ ጠርሙሱን በዛው ውሃ ሶስቴ አለቅልቄ እቀዳለሁ። ሳይቀዘቅዝ አልነካውም። ሁለት ሚሊ ሊትር ሳምፕል፣ አራት አምስት ጠብታ አልፋ ናፍቶል፣ ነቅነቅ አድርጌ ቱቦውን ዘንበል አድርጌ ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ በግድግዳው ቀስስስ እያልኩ አወርደዋለሁ። አሲዱ ከባድ ስለሆነ ስር ይተኛል፣ ቀለበቱ የሚታየው ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። አልፋ ናፍቶሉን በአልኮል የምትበጠብጠው በትንሽ በትንሹ ነው፣ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው፣ ቡናማ ከሆነ ድፋው። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ ደግሞ አትሞክር ልጄ፣ ያ አሲድ አይን ላይ ሲደርስ አይቻለሁ።

አንድ ሳምፕል አምጥተህ ብቻውን አትስራ። ሁልጊዜ ሶስት ቱቦ ጎን ለጎን፣ አንዱ ዲስትልድ ውሃ ብቻ፣ አንዱ ሳምፕልህ፣ አንዱ ዲስትልድ ውሃ ላይ ቅንጣት ስኳር የሟሟበት። ባዶው ባዶ ከሆነ፣ ስኳር ያለበት ቀለበት ከሰራ፣ የመሃሉን ውጤት ማን ነው የሚሰርዝህ? ሶስቱንም መዝገብ ላይ ጻፍ፣ ሰዓቱንም፣ የቀዳህበትን ቦታም።

የኮንዳክቲቪቲውን ነገር ደግሞ ለኃላፊህ በአክብሮት ንገረው። ስኳር ራሱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሜትሩ የሚያየው ከጁሱ ጋር አብሮ የሚመጣውን ጨው ነው። ብዙ ጁስ ከገባ ይጮሃል፣ ጥቂት ከገባ ዝም ይላል። ሜትሩ ደህና ማለቱ ስኳር የለም ማለት አይደለም።

ከየት ገባ ላልከው፣ የሁሉንም ኢቫፖሬተር ኮንደንሴት አንድ ታንክ ላይ ከተቀላቀለ በኋላ እየቀዳህ ከሆነ መቼም አታገኘውም። የእያንዳንዱን ለየብቻ ቅዳ። የመጀመሪያው የሚሞቀው በተርባይን እስቲም ስለሆነ ኮንደንሴቱ ውስጥ ስኳር የሚገኝበት ምክንያት የለም፣ ከተገኘ ቱቦ ተበስቷል ማለት ነው። ሁለተኛው የሚሞቀው ከመጀመሪያው ጁስ በሚወጣው እንፋሎት ነው፣ እዛ ላይ ስኳር ካየህ ወይ የራሱ ቱቦ ተበስቷል ወይ መጀመሪያው ውስጥ ጁሱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ወይ ግፊቱ ድንገት ወርዶ እንፋሎቱ ጁስ ይዞ እያለፈ ነው፣ ካችኦሉ (ከእንፋሎቱ የጁሱን ጠብታ የሚያስቀረው) ተበልቶም ይሆናል።


ቦይለር ቤት (ኮምቦልቻ)

ጋሼ የጻፉት ላይ የምጨምረው ብዙ የለኝም። እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ሌላ ፋብሪካ ቦይለር ላይ ነኝ፣ ስኳር አናመርትም ግን ቦይለር ያው ቦይለር ነው። ወንድሜ ፖዘቲቭ ባየህ ቁጥር ማረጋገጫ እየጠበቅክ ያንን ኮንደንሴት ወደ ቦይለር አታስገባው። ወደ ወፍጮው አዙሩት፣ ሸንኮራው ላይ የሚረጨው ሙቅ ውሃ ውስጥ ስኳር ቢኖርበት ተመልሶ ጁስ ነው የሚሆነው ምንም አይጎዳም። ቦይለሩን በሶፍትነር ውሃ ያዙት፣ ብሎውዳውኑን (ከቦይለሩ የሚደፋውን ውሃ) ጨምሩ፣ ፒኤቹን ከ10.5 በታች እንዳይወርድ በኮስቲክ ደግፉት። የደረጃ መስታወቱ ላይ ውሃው መዝለል ከጀመረ አረፋ ነው፣ ያኔ መስታወቱ የሚያሳየው ደረጃ እውነተኛው አይደለም፣ ኦፕሬተሩ ውሃ አለ ብሎ ሲተማመን ቱቦው ደርቆ ሊገኝ ይችላል፣ እኔ ከምንም በላይ የምፈራው እሱን ነው።

ግን ወደ ሶፍትነር ስታዞሩ ሌላ ጣጣ አለ። በቀን ትንሽ ውሃ ማለስለስ የለመደ ሬዚን (ሶፍትነሩ ውስጥ ካልሲየሙን የሚይዘው) ድንገት ሙሉ ጭነት ሲመጣበት ቶሎ ይጠግባል፣ በጨው ውሃ ሳይታጠብ ከቀጠለ ካልሲየሙ በቀጥታ ያልፋል። የወላጆቻችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አስበው፣ እሱ ነው ቱቦ ላይ የሚጋገረው። ስለዚህ በዛ ሰሞን ሃርድነሱን (የካልሲየምና የማግኒዚየሙን መጠን) በየሰዓቱ እየው፣ 50 ሚሊ ሊትር ሳምፕል፣ የአሞኒያ በፈር ጨምረህ ፒኤቹን 10 አድርገህ፣ ኢንዲኬተሩን ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ ጣል አድርግና 0.01 ሞላር ኢዲቲኤ አውርድበት፣ ወይን ጠጅ ቀይ ከሆነ ሃርድነስ አለ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን አቁም። የፈጀውን ሚሊ ሊትር በ20 ስታባዛ ሃርድነሱን በካልሲየም ካርቦኔት ሚሊግራም በሊትር ይሰጥሃል። ውሃው ጥሩ ከሆነ ኢንዲኬተሩን ስትጨምር ገና ከጅምሩ ሰማያዊ ነው።

ሌላ፣ ፒኤች ሜትርህን በምን በፈር ነው የምታስተካክለው? 11 አካባቢ እየለካህ በ4 እና በ7 ካስተካከልክ ንባቡን አትመነው፣ በ7 እና በ10 አድርግ። ኤሌክትሮዱን ዲስትልድ ውሃ ውስጥ ነክረህ አታሳድር፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ነው የሚያድረው። የኦክስጅን ሜትር ከኮምቦልቻ ተውሰህ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ እዛ ስትደርስ እንደገና አስተካክል፣ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ደሴ ወደ 92፣ ቆላ ስትወርድ ግፊቱም የኦክስጅኑ መጠንም ይጨምራል፣ በእኛ በደጋው አየር የተስተካከለ ሜትር እዛ ይሳሳታል።


የቦርከና ልጅ

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ፣ ወንድሜ አንተም። ጨርቅ ሲሉ ደነገጥኩ፣ እኛም ቱቦ የምናደርቀው በፎጣ ነው!! የምቀዳውም ከዋናው ታንክ ነበር። በ4 እና በ7 ነው ያስተካከልኩትም። ማክሰኞ እመለሳለሁ፣ ሁሉንም አደርጋለሁ።


እህትዋ ላብ (ደሴ)

እኔ ጤና ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ቦይለር አላውቅም፣ ግን የውሃ ነገር ስለሆነ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድሜ የሰራተኛው መጠጥ ውሃ ከየት ነው? የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ከሆነ ፍሎራይዱ ተለክቶ ያውቃል? የወንጂ ታሪክ ይታወቃል፣ በጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስንት ሰራተኛና ስንት ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ አጥንቱ እስኪጎዳ ደርሷል። የአለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ማፍላት አያወጣውም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንደውም ያጠነክረዋል። ሳምፕሉን በፕላስቲክ ቅዳው፣ በብርጭቆ አይሁን።

ለባክቴሪያ ከሆነ ግን ጠርሙሱ ስቴራይል መሆን አለበት፣ ክሎሪን ያለበት ውሃ ከሆነ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ጠርሙስ፣ በበረዶ ሳጥን ይዘህ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብ አድርሰው፣ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ ዜሮ መሆን አለበት። ደግሞ ንጹህና ሙቅ ነው ብሎ ኮንደንሴት በጀሪካን ቀድቶ ቡና የሚያፈላ ካለ አስቆሙት በናታችሁ፣ ቀለም የለውም ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም።

አንድ ልጨምር። አንተ ቦርከና ዳር ያደግክ ልጅ ነህ፣ ወንዙ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ያ ውሃ ወርዶ ወርዶ አዋሽ ነው የሚቀላቀለው። ከፋብሪካችሁ የሚወጣውንም ለካው። ስኳር ያለበት ፍሳሽ መርዝ ባይኖረውም ባክቴሪያው ሲበላው የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ አሳው ያልቃል። ቢኦዲ (ባክቴሪያው የሚፈጀው የኦክስጅን መጠን) 5 ቀን በ20 ዲግሪ ነው የሚቆየው፣ ዛሬ የጀመርከውን የምታነበው ከ5 ቀን በኋላ ስለሆነ ቀድመህ ጀምር።


የቦርከና ልጅ (ከ12 ቀን በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ፣ ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግኩም። ፎጣውን አስቀረሁ፣ ቱቦቹን ደፍቼ በተዘጋ ሳጥን አስቀመጥኩ፣ አዲስ አልፋ ናፍቶል በጠበጥኩ፣ የቆየው እውነትም ቡናማ ሆኖ ነበር። ባዶው ባዶ ሆነ። ከዛ ለሁለት ቀን በየሰዓቱ ከአራቱም ኢቫፖሬተር ለየብቻ ቀዳሁ፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በሶስተኛው ቀን ማታ ሸንኮራ አልቆ ወፍጮው ሶስት ሰዓት ቆመ፣ እንደገና ሲነሳ የመጀመሪያው ኢቫፖሬተር ኮንደንሴት ላይ እንደ ቀለም የደመቀ ቀለበት!! ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀለለ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠፋ። ሶስቱንም ቱቦ በመደርደሪያው ይዤ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ዝም ብሎ አየውና መካኒክ ጠራ።

በሳምንቱ ለጽዳት ሲቆም ውሃ ሞልተው በግፊት ፈተሹት፣ ሰባት ቱቦ ተበስቶ ተገኘ፣ ሁሉም ተደፈነ። ቦይለሩ አሁን ውሃው ጠርቷል፣ ፒኤቹ 10.8 ላይ ቆሟል። የካምፑን ጉድጓድ ውሃም በፕላስቲክ ቀድቼ ልኬያለሁ እህቴ፣ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። ጋሼ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ለምንድነው ሲሰራ የማይታየው ሲቆም ብቻ የሚገባው?


ጦሳ ስር

ማሻአላህ ልጄ፣ ጎበዝ። ሲሰራ እስቲሙ ከጁሱ የበለጠ ግፊት አለው፣ በቀዳዳው ወደ ጁሱ የሚገፋው እሱ ነው፣ ስለዚህ ኮንደንሴቱ ንጹህ ይመስላል። ሲቆም እስቲሙ ይወርዳል፣ ጁሱ ክብደቱን ይዞ በዛው ቀዳዳ ተመልሶ እስቲም ቤቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲነሳ የመጀመሪያው ኮንደንሴት ጠራርጎ ቦይለር ያስገባዋል። አንዴ የማየው አንዴ የሚጠፋብኝ ያልከው ግማሹ ፎጣው ነው፣ ግማሹ ይሄ ነው። ቱቦው ተደፈነ ብለህ ደግሞ አትተወው፣ ከሰባቱ አጠገብ ያሉትም እድሜያቸው ያው ነው። ከእያንዳንዱ መቆም በኋላ ሁለት ተከታታይ ሳምፕል ቀለበት የሌለው እስኪሆን ድረስ ኮንደንሴቱ ወደ ወፍጮ ይሂድ፣ ይሄንንም የሺፍት መመሪያው ላይ በጽሑፍ አስገባው፣ አንተ ፈቃድ ስትወጣ የሚተካህ ልጅም እንዲያገኘው።